ቦግ ከማለቱ በፊት

ሆሳዕና ከተማ ሲነጋ ይበርዳል። ሌሊቱን ቆመው ያደሩ አይሱዙዎች ከመናኸሪያው ዙሪያ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ያቃስታል፤ በማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ከዚያ ብረት በብረት የሚቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ ይጀምራል። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይለዝባል፤ ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ!» ማለቱን ይቀጥላል።

ያ የንጋት ማንኳኳት ምን እንደሆነ ለመረዳት ኩበት አያይዞ የሚያውቅ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። እፍ ቢሉት፣ ቢያራግቡት እንቢ ይላል፤ ቤቱን ጭስ ይሞላዋል። ከዚያ የተጠራቀመው ጭስ በአንዴ ቦግ ይልና ቅንድብ ይለበልባል። በናፍጣ ሞተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ናፍጣው በኖዝሉ ተረጭቶ ወዲያው አይነድም፤ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ይዘገያል። በዚያች ጊዜ የገባው ሁሉ ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ይጠብቅና በአንድ ጊዜ ይነዳል። የሚሰማው የዚያ ምት ነው።

ይህንን እሳት በቁጥር ለመያዝ የተደረገው ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩ የተሠራው በአብዛኛው ከሐዲያና ከከምባታ እጅግ ርቆ ነው፤ ውጤቱ ግን በየቀኑ የሆሳዕናን ዳገት ይወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከናፍጣ በፊት ይጀምራል። በ1796 በእንግሊዝ አገር የጄምስ ዋት ረዳት ጆን ሳውዘርን ከእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር ጋር ትንሽ ፒስተን፣ ሞላና እርሳስ አገናኘ። ግፊቱ ሲጨምር እርሳሱ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ከሞተሩ ፒስተን ጋር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ወረቀቱ ላይ ዙሪያው የተዘጋ ቅርጽ ይሳላል፤ የቅርጹ ስፋት ሞተሩ በአንድ ዙር የሠራውን ሥራ ይናገራል። ኩባንያው መሣሪያውን ለብዙ ዓመታት በምስጢር ይዞት ኖረ። ኢንዲኬተር ተባለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ተመራማሪዎች ሁሉ የቆሙት በዚህች ወረቀት ላይ ነው፤ እሳቱን ራሱን ለማየት ገና ብዙ ዘመን ይቀር ነበርና ማንበብ የሚቻለው ግፊቱን ብቻ ነበር።

በ1824 ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ አንድ የሙቀት ሞተር ቢበዛ ምን ያህል ሥራ ሊሰጥ እንደሚችል የሚወስነው የሙቀት ልዩነት መሆኑን ጻፈ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሙኒክ ውስጥ በካርል ፎን ሊንደ ትምህርት ላይ ተቀምጦ ይህንኑ የሰማ ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ተማሪ ሐሳቡን ከራሱ ሊያወጣው አልቻለም። ዲዝል በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ አየሩን እስከ 250 ከባቢ አየር አምቆ፣ ነዳጁን ቀስ እያለ የሚያስገባ ሞተር አቀደ። ነዳጁ የሚነደው ፒስተኑ በሚሸሽበት ልክ ስለሆነ ሙቀቱ ከፍ ሳይል ይቆያል ብሎ አሰበ። በስሌቱ የሞተሩ ብቃት 73 በመቶ ይደርስ ነበር።

በናፍጣ ሞተር ላይ የተሠራው የመጀመሪያው የቃጠሎ ሞዴል ይህ ነው፤ ስህተት ነበር። እንደ ዕቅዱ የሚነድ ሞተር የሚያተርፈው ሥራ የራሱን ፍትጊያ ለማሸነፍ እንኳ አይበቃም። ዲዝል ይህን ራሱ አስልቶ ደረሰበትና በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ግፊቱ ሳይለዋወጥ የሚነድበትን መንገድ ጨምሮ ሁለተኛ ፓተንት አስገባ። ነሐሴ 10 ቀን 1893 አውግስቡርግ ውስጥ የመጀመሪያው ሞተር ሲሞከር ግፊቱ ድንገት ተስፈንጥሮ ኢንዲኬተሩን ሰባበረው፤ ዲዝልም ለጥቂት ተረፈ። የሚለካው መሣሪያ በሚለካው እሳት መሰበሩ ለዚህ ታሪክ የሚገባ አጀማመር ይመስለኛል። የካቲት 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር የተሻሻለውን ሞተር በይፋ ሲለኩት ብቃቱ 26.2 በመቶ ሆነ። ከ73 በጣም ያንሳል፤ ነገር ግን በዘመኑ የሚወዳደረው ሞተር አልነበረም። ዲዝል መስከረም 29 ቀን 1913 ሌሊት ወደ እንግሊዝ በሚሻገር ድሬስደን በተባለ መርከብ ላይ ጠፋና ሬሳው ከባሕር ተገኘ።

የዲዝል ሞተር ነዳጁን የሚነፋው በታመቀ አየር ስለነበረ የራሱ የሆነ ግዙፍ መጭመቂያ ይጎትት ነበር። በመኪና ላይ የሚጫን አልነበረም። በ1909 ፕሮስፐር ሎራንዥ ከዋናው ክፍል ጎን ትንሽ ጓዳ ሠርቶ እሳቱን እዚያ ማስጀመር እንደሚቻል ፓተንት አወጣ፤ በ1927 ደግሞ የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ የናፍጣ ፖምፓን በብዛት ማምረት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ፊያት በ1931 ከባዱን 634 የናፍጣ መኪና አወጣ፤ ኢጣሊያኖች ኢትዮጵያን ሲወርሩ መኪናው አብሯቸው መጣ። አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት እሱን ነው። ወራሪው ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፦ ናፍጣ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። ሆሳዕና ወይም ሺንሺቾ ያለ ጋራዥ ገብቶ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው ግማሽ ኢጣሊያንኛ ይማራል።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ሃሪ ሪካርዶ የግፊቱን ወረቀት አጥብቆ አየና ቃጠሎውን በሦስት ከፈለው። መጀመሪያ መዘግየት፤ ናፍጣ ይገባል፣ ግፊቱ ግን ገና ምንም አላወቀም። ቀጥሎ ድንገተኛ ቃጠሎ፤ የተጠራቀመው በአንዴ ይነዳል፣ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በመጨረሻ ፖምፓው በሚልከው መጠን የሚነድ የሰከነ እሳት። እያንዳንዱ የጋራዥ መካኒክ በጆሮው የሚለየውን ነገር በመስመር ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሪካርዶ በ1931 ያወጣው ኮሜት የተባለው የቃጠሎ ክፍል አየሩን በትንሽ ሉል ጓዳ ውስጥ ያሽከረክራል። የዚያ ዘር ዛሬም አለ፤ በየወረዳው የጤናና የግብርና ቢሮ ደጃፍ በሚቆሙት የቆዩ ላንድክሩዘሮች ውስጥ ያለው ዋን ኤች ዜድ የተባለው 4.2 ሊትር ሞተር እንዲህ ያለ ጓዳ አለው።

አሁን ወደ ሆሳዕና የሚያደርሰንን ሰው እናገኛለን። በ1938 ቮልፈር የተባለ ጀርመናዊ ሞተሩን ትቶ በሞቀና በታመቀ አየር የተሞላ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ናፍጣ እየረጨ እስኪነድ ያለውን ጊዜ ለካ። ያገኘው ቀመር አጭር ነው፤ መዘግየቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የአየሩ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር መዘግየቱ በፍጥነት ያጥራል። ሁለተኛው ግፊቱ ነው፤ ግፊቱ በቀነሰበት ልክ መዘግየቱ ይረዝማል።

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ዱራሜም ከዚያ ብዙ አታንስም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ድንች ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩን 17 ጊዜ የሚያምቅ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጂቡቲ ወደብ ላይ ሲሠራ በእመቃው መጨረሻ ግፊቱ 45 ከባቢ አየር ገደማ ይደርሳል። ያው ሞተር ሆሳዕና ሲደርስ 35 ገደማ ያገኛል። ሙቀቱን የሚወስነው ግን የእመቃው እጥፍና የሚገባው አየር ሙቀት ስለሆነ ከፍታው በቀጥታ አይነካውም፤ ሁለቱም ቦታ 500 ዲግሪን ይሻገራል። ስለዚህ በቮልፈር ቀመር ስናሰላ የሚቀነሰው ግፊቱ ብቻ ነው፤ መዘግየቱ በአንድ ሦስተኛ ይረዝማል። ይህ የተሰላው ለሞቀ ሞተር ነው። በንጋት የሚገባው አየርና የሲሊንደሩ ብረት ስለሚቀዘቅዙ ሙቀቱም ይወርዳል፤ መዘግየቱ ከዚህም ይብሳል። የመናኸሪያው ቅጥቀጣ ከዚህ ነው የሚመጣው።

መዘግየቱ ታወቀ። ቦግ ካለ በኋላስ እሳቱ በምን ፍጥነት ይሄዳል? ለዚህ መልስ የሰጠው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ያለ ሰው ነው። በኡራል ተራሮች ሥር በምትገኘው የትራክተር ከተማ ቼልያቢንስክ ኢቫን ኢቫኖቪች ቪበ የሚባል መምህር ነበር። በ1956 ሐሳቡን አሳተመ፤ በ1962 በመጽሐፍ አሰፋው፤ መጽሐፉ በ1970 በጀርመንኛ ሲወጣ ዓለም ሁሉ አወቀው።

የቪበን ሐሳብ በፈንዲሻ ማስረዳት ይቀላል። ብረት ምጣዱ ላይ በቆሎው ሲጣድ መጀመሪያ ዝም ይላል። አንድ ፍሬ ጧ! ይላል፤ ሌላ ይከተላል። ከዚያ መለየት እስኪያቅት ይንጣጣሉ። ቀጥሎ ይሳሳል፤ በመጨረሻ አንድ ሁለት ፍሬ ብቻቸውን ይዘገያሉ፤ ሳይፈነዱ የሚቀሩም አሉ። የፈነዳውን ድርሻ በጊዜው ላይ ብትስሉት መጀመሪያ የሚዳክር፣ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ መጨረሻ ላይ የሚተኛ መስመር ይሆናል። ቪበ ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ሲነድ ይህንኑ መስመር እንደሚከተል አየ። ከኬሚስቱ ሴምዮኖቭ የሰንሰለታዊ አጸግብሮት ትምህርት ተነስቶ አንድ ቀመር ጻፈ። ቀመሩ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ ቃጠሎው መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደቆየና አንድ የቅርጽ ቁጥር። የቅርጽ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ እሳቱ ገና ሲነሳ ይጣደፋል፤ ትልቅ ከሆነ ይዘገይና በኋላ ይበረታል። በቀመሩ ውስጥ 6.908 የሚል ቁጥር አለ፤ ተማሪዎች ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ናፍጣ መቶ በመቶ ነዶ አልቋል ማለት ስለማይቻል ቪበ 99.9 በመቶው ሲነድ አልቋል እንበል አለ። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ስምምነት ነው።

ቀመሩን የወደደው የዓለም ሞተር መሐንዲስ ሁሉ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የቪበ መስመር የሆነውን አሳምሮ ይገልጻል እንጂ የሚሆነውን አይተነብይም። ነዳጁን ወይም ከፍታውን ብትቀይሩ የቅርጽ ቁጥሩን እንደገና ለክታችሁ ማግኘት አለባችሁ። ከጀርመን የሙከራ ክፍል የመጣ ቁጥር ለሆሳዕና አይሆንም።

በዚያው በ1962 ለንደን ያለው የሲ ኤ ቪ ኩባንያ ተመራማሪ ሊን ከግፊቱ መስመር ወደ ኋላ አስልቶ ክራንኩ በሚዞርበት በየማዕዘኑ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወጣ አገኘ። የተጠቀመው በሥነ ሙቀት የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ግፊቱና የሲሊንደሩ ይዘት ሲታወቁ ጋዙ የተቀበለውን ሙቀት ማስላት ይቻላል። ያገኘው ቅርጽ ሁለት ጉብታ ነበረው። የመጀመሪያው ቀጭንና ሹል ነው፤ በመዘግየቱ ጊዜ የተጠራቀመው የነደደበት ነው። ሁለተኛው ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባው ናፍጣ አየር እየፈለገ የነደደበት ነው። በ1966 በዊስኮንሲን ክሪገርና ቦርማን ስሌቱን በኮምፒዩተር አስኬዱት፤ በ1967 ጌርሃርድ ቮሽኒ ከጋዙ ወደ ግድግዳው የሚያመልጠውን ሙቀት የሚያሰላ ቀመር ጨመረ። የጎደለው ሙቀት የት እንደገባ የሚጠየቀው ያ ቀመር ነው።

ሁለት ጉብታ ላለው ነገር አንድ የቪበ መስመር አይበቃም። በ1980 በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ዋትሰንና ባልደረቦቹ ሁለት መስመር ደመሩና ወሳኙን ጥያቄ ጠየቁ፤ የመጀመሪያው ጉብታ ድርሻ ስንት ነው? መዘግየቱ በረዘመ ቁጥር ድርሻው ይጨምራል፤ ናፍጣው ከአየሩ አንጻር በበዛ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። በከፍታ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህች ቀመር ከሁሉም የበለጠ ትናገራለች። ከፍታው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይለውጣልና። ጠዋት ባዶ ሞተር ሲነሳ ናፍጣው ትንሽ ነው፤ የሚያሸንፈው መዘግየቱ ነውና ሞተሩ ያንኳኳል። ከሰዓት ድንች ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ፖምፓው ያንኑ ናፍጣ ይልካል፤ አየሩ ሩብ ጎድሏል። አየር ያላገኘው ናፍጣ በሁለተኛው ጉብታ ውስጥ እየተራበ ይነዳል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። መካኒኩ ፖምፓውን ይቀንሰዋል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ዋትሰንን ሳያነብ ያደረገው ትክክል ነው።

ሂሮሺማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሂሮያሱና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ከኖዝሉ የሚወጣውን ርጭት በብዙ ትናንሽ እሽጎች ከፋፍለው እያንዳንዱ እሽግ የራሱን አየር ሲስብ፣ ሲተንና ሲነድ አሰሉ። ጥላሸቱ የትኛው እሽግ ውስጥ እንደሚሠራ ማየት ተቻለ።

ከዚያ በ1985 ኪቫ መጣ። ይህ ፕሮግራም ሲሊንደሩን በሺህ በሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ የአየሩን ሽክርክሪት፣ ርጭቱንና እሳቱን አብሮ ያሰላል። ስሙ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጣ ነው፤ ኪቫ ማለት መሬት ውስጥ የሚሠራ፣ በጣሪያው በኩል የሚገባበት የሥርዓት ክፍል ነው። ሲሊንደርም አየሩን የሚያስገባው በራሱ በኩል በቴስታታው ነውና ስሙን ሰጡት። የተጻፈው የአቶም ቦምብ በተሠራባት በሎስ አላሞስ ነው። ሎስ አላሞስ ከባሕር ጠለል 2,230 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሆሳዕናም ከፍታ ከዚያ ብዙ አይለይም። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የሞተር እሳት ስሌት የተጻፈው የእኛን ያህል በሳሳ አየር ውስጥ በሚተነፍሱ ሰዎች ነው፤ ይህን ሳውቅ ለምን እንደሆነ እንጃ ደስ አለኝ።

በ1997 የእሳቱ የውስጥ ቅርጽ በመጨረሻ ታወቀ። ጆን ዴክ በካሊፎርኒያው ሳንዲያ ቤተ ሙከራ በመስኮት ወደ ሲሊንደሩ የጨረር ብርሃን ሰድዶ ርጭቱን እንደ ቀጭን ቅጠል ቆርጦ ተመለከተ። ያየው ብዙዎች ከገመቱት ይለያል። ፈሳሹ ናፍጣ ከኖዝሉ ሩቅ አይሄድም፤ ከሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር በማይርቅ ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተንናል። ከዚያ አየር በጣም ባነሰው ድብልቅ ውስጥ አንድ ጊዜ በከፊል ይነዳል፤ ጥላሸቱ የሚወለደው እዚህ ነው። ነበልባሉ እንደ ቀጭን ሽፋን ርጭቱን ከውጭ ይከብባል፤ ሌላውን መርዝ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን፣ የሚሠራው ይህ እጅግ የጋለ ዳር ነው። ለመቶ ዓመት በአብዛኛው ከግፊት መስመር ሲነበብ የኖረ ነገር ቅርጽ አገኘ።

በዚያው ዓመት አልፋ ሮሜዮ 156 ኮመን ሬል በተባለ የነዳጅ አረጫጨት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ይዞ ወጣ። ዘዴው ኩበት አያያዥ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ መጀመሪያ ጭላጭ ናፍጣ ረጭቶ ትንሽ እሳት ማስነሳት፣ ዋናውን ከዚያ መላክ። ዋናው ሲገባ እሳት ይጠብቀዋል፤ አይጠራቀምም፤ የመጀመሪያው ጉብታ ያንሳል። አዲስ የናፍጣ መኪና እንደ ድሮው የማያንኳኳው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ነዳጁም እንዲለወጥ ተሞክሯል፤ ኢትዮጵያ በ2007 የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ስታወጣ በጎረቤት ወላይታ ጉሎ ተተከለ። የጉሎ ዘይት ግን ከናፍጣ እጅግ ይወፍራል፤ በኖዝሉ አልፎ እንደ ናፍጣ አይበተንም፤ ሳይቀየር ከገባ ርጭቱ፣ መዘግየቱ፣ ጉብታው ሁሉ ይለወጣል። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ሆሳዕና ውስጥ የከተማዋን የቀድሞ ስም የያዘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያስተምራል፤ ከግቢው ውጭ የሚያልፈው አይሱዙ ግን ገና ናፍጣ ነው፤ ብዙ ዓመትም ይቆያል።

ያ አይሱዙ ከመናኸሪያው ወጥቶ በአንጋጫ፣ በዱራሜ አድርጎ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ይወርዳል። ሀላባ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ 81 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከሆሳዕናው ጋር ስድስት በመቶ ገደማ ልዩነት ነው፤ በቮልፈር ቀመር መዘግየቱ በዚያው ገደማ ያጥራል። ሾፌሩ ሀላባ ገብቶ ቡና ሲያዝ ሞተሩን አያጠፋም። ረዳቱ ጎማ እየመታ ይዞራል። «እዚህ ትንፋሽ ያገኛል» ይላል ሾፌሩ፣ ጆሮውን ወደ መኪናው አዘንብሎ።